የቢትልጁስ ምስክር

ሚያዝያ 6 ቀን 2079 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አስካለ ሻንቆ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት አራስ አልጋ አጠገብ ቆማ ሕፃን ታይ ነበር። ጣቶቹን ቆጠረች። ውስጥ እግሩን ነካ ስታደርገው አለቀሰ። ከዚያ ወረቀት አውጥታ በእጇ ጻፈች፦ ወንድ ልጅ፣ ሕያው፣ እናቲቱም ደኅና፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ማኅተሟን መታችበት።

ወረቀቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ጂንካ ይሄዳል። የጂንካው ምስክር ደግሞ አባትየው ቤት ድረስ ሄዶ ያነብለታል። አባትየው የልጁን ምስል ከተወለደ ጀምሮ ሲያይ አድሯል፤ ሚስቱንም አነጋግሯል። ወረቀቱ ሳይነበብለት ግን ለጎረቤት አይናገርም። ምስሉን ብቻ አምነው ለጎረቤት የተናገሩ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ የተባሉ፣ በኋላም ምስሉ የተሠራ ሆኖ ልጁም ሚስትየዋም እንደሌሉ ያወቁ ሰዎች ነበሩ።

ምስልና ድምፅ መታመን ከቀሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ማንም ሰው የማንንም ፊትና አነጋገር ሠርቶ መላክ ከቻለ ወዲህ፣ ከተሞች አንድ በአንድ ወደ ሰው ዓይን ተመለሱ። አርባ ምንጭ አሥራ አራት ምስክሮች አሏት። ሥራቸው ሄዶ ማየት ነው፤ የተቃጠለ ቤት፣ የገባ እህል፣ የሞተ ሰው፣ የተከፈተ መንገድ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አደባባዩ ላይ ካለው መድረክ ወጥተው ያዩትን ይናገራሉ። እያንዳንዱ መንደር አንድ ሰሚ ይልካል፤ ሰሚውም ሰምቶ በእግሩ ይመለስና ለሰፈሩ ያወራል። ወሬ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰው ለምዶታል።

ደንቡ አንድ ነው፦ ምስክር ያላየውን አይናገርም።

አስካለ ከአራሷ ቤት ስትወጣ መኪና ቆሞ ሲጠብቃት አገኘች። ሾፌሩ ከጉጌ ተራራ ሥር ከተቆፈረው ጣቢያ መምጣቱን ነገራት። ጣቢያው መኖሩን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ምን እንደሚሠራ ግን ከተቆፈረ ጀምሮ የጠየቀ የለም። ትልቅ የውኃ ጋን እንዳለበት ይወራል።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ሕሊና ቶማ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለቻት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፀጉሯን በእስክርቢቶ አስራዋለች።

"እትዬ አስካለ፣ ስላስቸገርንዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ነገር ደረሰን። ምስክር ያስፈልገዋል።"

"ምን ደረሰ?"

"አንድ ኮከብ ፈንድቷል።"

አስካለ ሰማዩን ቀና ብላ አየች። ዳመና ነው። ሕሊናም ከእሷ ጋር ቀና አለችና፣ "እስካሁን አይታይም፤ ይግቡ" አለቻት።

ዋሻው ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ። መጨረሻው ላይ አንድ ሰፊ ክፍል አለ። ግድግዳው ላይ ነጠብጣብ የመሰሉ ብርሃኖች ታትመው ተሰቅለዋል፤ እጅግ ብዙ ናቸው፣ ከመብዛታቸው የተነሣ ወረቀቱ የነጣ ይመስላል።

"በሌላ ቀን በውኃ ጋናችን ውስጥ የምናየው ብልጭታ ጥቂት ነው" አለች ሕሊና። "ዛሬ ጠዋት በአሥር ሰከንድ ውስጥ ይህን ሁሉ አየን። ጃፓን ያሉትም፣ ጣልያን ያሉትም በዚያው ሰከንድ አይተዋል።"

"እኔ የማየው ነጠብጣብ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ነጠብጣብ አይቻለሁ ብዬ ልመስክርልሽ?"

ሕሊና ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ወሬው እንዳመለጣቸው ነገረቻት። ከየት እንደወጣ አልታወቀም። ዜናው በስልኮች ሁሉ ላይ በከተማው ከንቲባ ድምፅ እየተነገረ ነው፦ ኮከብ ፈንድቷል፣ እሳቱ ነገ ከሰዓት ምድር ይደርሳል፣ ሕዝቡ ከዚያ በፊት ወደ ጨንቻ ተራራ ወጥቶ ዋሻ ውስጥ ዘጠኝ ቀን ይቀመጥ። ከንቲባው ይህን አልተናገሩም። አልተናገርኩም ቢሉም የሚያምናቸው የለም፤ ያም ድምፅ ብቻ ነው።

"ድምፅ አናምንም የሚለው ሕዝብ ጓዙን እየጫነ ነው" አለች ሕሊና። "የሚያስደስት ሲሆን ምስክር ይጠይቃል። የሚያስፈራ ሲሆን ግን ማንም አልጠየቀም። የጨንቻ መንገድ በዚህ ዝናብ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቁታል።"

አስካለ ታውቀዋለች። ስትመጣ ያለፈችበት መንገድ ነው፤ ጎኑ ገደል፣ መሬቱ ቀይ ጭቃ።

"ኮከቡን አሳዪኝና ልመስክር።"

"የሚታየው ነገ ነው። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። ነገ እስኪታይ ከጠበቅን ግን ሕዝቡ መንገዱ ላይ ነው።"

አስካለ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ደግማ አየች።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ልክ በዚህ ወር፣ አንድ የውኃ መሐንዲስ ቀትር ላይ መጥቶ ነበር። ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይዞ፣ ኩልፎ ወንዝ እስከ ምሽት ድረስ ሞልቶ ይወጣል፣ የታችኛው ሰፈር ይልቀቅ አላት። አስካለ ወንዙ ዳር ሄደች። ውኃው እንደ ልማዱ ዝግ ብሎ ይወርዳል፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። መሐንዲሱን ያላየሁትን አልመሰክርም አለችው። ውኃው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ተራራው ላይ የዘነበ ውኃ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰው ወሰደ፤ ከእነሱ አንዷ ታናሽ እኅቷ ምንታምር ናት። የምስክሮቹ መሥሪያ ቤት በሳምንቱ አስካለን በጽሑፍ አመሰገናት። ደንቡን ጠብቃለች።

"ኮከብ ለምንድን ነው የሚፈነዳው?" አለች አስካለ።

ሕሊና ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። "ለመመስከር ይህ ያስፈልጋል?"

"ለእኔ ያስፈልገኛል። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ። ካልገባኝ አስቆምሻለሁ።"

ሕሊናም ተቀመጠችና ነገረቻት። ኮከብ ማለት መጀመሪያ ነገር ክብደት ነው አለቻት። ያ ሁሉ ጋዝ በራሱ ክብደት ወደ መሀሉ መውደቅ ይፈልጋል። እንዳይወድቅ የሚይዘው መሀሉ ላይ የሚነደው ነገር ነው፤ ንዳዱ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ክብደቱ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሁለቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ ኮከቡ ይኖራል።

"ምንድን ነው የሚነደው?"

"ሃይድሮጂን። ተዋሕዶ ሂሊየም ይሆናል፤ ሂሊየሙን እንደ አመድ ይቁጠሩት። ሃይድሮጂኑ መሀሉ ላይ ሲያልቅ ግን ትልቅ ኮከብ አመዱን ራሱን ማንደድ ይጀምራል። የዚያ አመድ ካርቦን ነው። እሱንም ያነደዋል። ከዚያ ኦክስጅን፣ ከዚያ ሲሊከን። እያንዳንዱ ካለፈው ይልቅ ባጭር ጊዜ ያልቃል። የመጀመሪያው ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል። የመጨረሻው አንድ ቀን ገደማ።"

"አንድ ቀን?"

"አንድ ቀን። የዚያ አመድ ብረት ነው። ብረት ደግሞ አይነድም። ቢያዋሕዱት ሙቀት ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ስለዚህ የሚገፋው ነገር ያቆማል፣ ክብደቱ ግን እዚያው ነው።"

"ይወድቃል።"

"ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ። ምድራችንን የሚያህል የብረት እምብርት ወድቆ ከሲቀላ እስከ ጫሞ ሐይቅ ማዶ ካለው ርቀት የማይበልጥ ኳስ ይሆናል። ከዚያ በላይ መጨመቅ ሲያቅተው ድንገት ይጠጥራል፤ ከላይ የሚወድቀው ሁሉ እሱ ላይ መጥቶ ይነጥራል። ከኳሱ ውስጥ ደግሞ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ ቁጥራቸው አይነገርም። የነጠረውን ወደ ውጭ የሚገፉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ፍንዳታው ይኸው ነው።"

"እነዚህ ነጠብጣቦችስ?"

"ኒውትሪኖዎቹ። ምንም ነገር አያግዳቸውም ማለት ይቻላል፤ ከስንቱ አንዱ ብቻ ጋኑ ውስጥ ውኃውን ሲነካ ብልጭ ይላል። በኮከቡ አካል፣ በተራራው፣ በምድር አልፈው ይሄዳሉ። ብርሃኑ ግን ኮከቡን ሰንጥቆ መውጣት አለበት። የፈነዳችው ኮከብ ቢትልጁስ ናት፤ እሷ ደግሞ እንዲህ ትንሽ አይደለችም፤ ፀሐይ ባለችበት ቦታ ብናስቀምጣት ምድራችንን ትውጣለች። ግፊቱ ከመሀል እስከ ቆዳዋ ለመድረስ አንድ ቀን ከምናምን ይወስድበታል። ነገ ከሰዓት ያልኩት ለዚህ ነው።"

አስካለ አሰበች። "በምድር ካለፉ በእኛም አልፈዋል።"

"በእርስዎም በእኔም።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።"

"ለዚህ ነው አትፍሩ የምንለው። ከፍንዳታው ኃይል ከመቶ እጅ ዘጠና ዘጠኙ የሄደው በነሱ ነው። እሱ አልፎናል። የቀረው ብርሃን ነው፤ እሱም ስድስት መቶ ዓመት ያህል ተጉዞ የሚመጣ ብርሃን። ድምቀቱ በቀን የምትታይ ትንሽ ጨረቃ ያህል ይሆናል። አይፈጅም። ረጅም ጊዜ ትኩር ብሎ ያያት ሰው ዓይኑን ትቆጠቁጠው ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ የለም።"

አስካለ ብረት ለምን እንደማይነድ ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀች። ሌላ ኮከብ ሲፈነዳ ይህ ጋን አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች፤ አንድ ጊዜ፣ እጅግ ሩቅ የነበረ፣ አሥራ ሁለት ነጠብጣብ ብቻ፣ ብርሃኑም በተባለው ሰዓት ታይቷል ተባለች። ከተሳሳታችሁ በየት በኩል ነው የምትሳሳቱት ብላም ጠየቀች። ሕሊና ሰዓቱን ልንሳሳት እንችላለን፣ አደጋ የለውም ባልነው ግን አንሳሳትም አለቻት። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አስካለ ተነሣች።

አሥር ሰዓት ላይ አደባባዩ ሞልቶ ነበር። ከሰሚዎቹ ሌላ ሻንጣውን የተሸከመ ሰውም ብዙ ነው። የምስክሮቹ ኃላፊ አቶ መርዕድ መድረኩ ሥር ቆመው፣ "ነጠብጣብ አይቻለሁ ብለሽ ውረጂ፤ ከዚያ ካለፍሽ ማኅተሙ ይወሰዳል" አሏት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንቡን ነው ያሳሰቧት።

አስካለ ወጣች።

"ኮከብ ሲፈነዳ አላየሁም" አለች። "ያየሁት ነጠብጣብ ነው።"

አንድ ሽማግሌ ሰሚ ከፊት ሆነው፣ "ታዲያ ምን ልትነግሪን ነው?" አሏት።

"የገባኝን ልነግራችሁ ነው። ሕጉ አይፈቅድልኝም። ቢሆንም እናገራለሁ።"

ስለ ክብደቱ፣ ስለ አመዱ፣ ስለ ብረቱ ነገረቻቸው። አስተካክላ ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ ሁለት ቦታ ተሳስታ ራሷን አረመች። ከዚያ ነገ ከሰዓት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ራሷን ሳትከናነብ እዚህ መድረክ ላይ እንደምትቆም፣ ከተማው ውስጥ መቆየት ወደ ተራራው ከመውጣት የተሻለ እንደሆነ ተናግራ ወረደች። አቶ መርዕድ እጃቸውን ዘረጉ። ማኅተሙን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከተማው እኩል ተከፍሎ ነበር። የቀረውም የሄደውም እርግጠኛ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ላይ አስካለ ሲቀላ ያለው ሕክምና ቤት ግቢ ስትደርስ ወደ ጨንቻ የሚወጣ አንድ አውቶቡስ ቆሟል። አስታማሚዎች በሽተኞችን በቃሬዛ እያወጡ ነው፤ ሃያ ስድስት ሰው፣ ሁለቱ በመሣሪያ የሚተነፍሱ። ሾፌሩ ካቻ ነው፤ የሟች እኅቷ ባል። ከቀብሩ ወዲህ አልተነጋገሩም።

"አስካለ" አለ።

"ካቻ፣ ይህን መኪና አትንዳው።"

ካቻ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ዘገምተኛ ሰው ነው፤ ሲናደድም ድምፁ አይጨምርም። "ያን ቀን ምንታምር ደውላልሽ ነበር። ልጆቹን ይዤ ልውጣ ወይ ብላ።"

"ደውላልኛለች።"

"ወንዙ ደኅና ነው አልሻት።"

"ብያታለሁ።"

"ለምን እንዲህ አልሽ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። አይተሽ ነው ያልሽው። ትናንት ደግሞ ያላየሽውን ተናገርሽ አሉኝ። እኔ የትኛዋን አስካለን ልመን?"

አስታማሚዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። አስካለ ከእነሱ ፊት መናገሩ ከብዷት ነበር፤ ግን ተናገረች።

"ያን ቀን አየሁ፣ አልጠየቅኩም። ሰውየው ወረቀቱን ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ተራራው ላይ ስንት ሰዓት ዘነበ? ውኃው እዚህ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ወንዙን አየሁና ጀርባዬን ሰጠሁት። ትናንት እስኪገባኝ ድረስ ጠየቅኩ። ሌላ ልዩነት የለውም፣ ካቻ። ብሳሳትም የምነግርህ ይህንኑ ነው።"

ካቻ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ ወርዶ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። "በዚህ ጭቃ እነዚህን ሰዎች ይዤ አልወጣም" አለ ለአስታማሚዎቹ። "መንዳት የሚችል ካለ ቁልፉ ይኸው።" አንዲት አስታማሚ ተሳደበች። አንድ ሰው ቁልፉን አንሥቶ አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ትንሽ ቆይተው ቃሬዛዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ መለሱ።

ስምንት ሰዓት ላይ አስካለ መድረኩ ላይ ቆመች። ሕሊናም ከተራራው ወርዳ አጠገቧ ቆመች። አደባባዩ ላይ ሁለት መቶ ሰው ቢኖር ነው፤ ጃንጥላ የያዙም፣ ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑም ነበሩ። ዳመናው ተሰነጣጥቋል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ምንም የለም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሰው መበተን ጀመረ።

"የተሳሳትነው በሰዓቱ ይሆናል" አለች ሕሊና በሹክሹክታ።

"ሰዓቱን ልትሳሳቱ እንደምትችሉ ነግረሽኛል" አለቻት አስካለ። "እኔም ነግሬያቸዋለሁ።"

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ አንዲት ማንጎ ሻጭ አንገቷን ወደ ኋላ ለጥጣ ቀረች። አጠገቧ ያለው ሰውም ቀና አለ። ቀጥሎ ሁሉም። ከራሳቸው በላይ፣ እምብዛም ሳታዘነብል፣ በሁለት ዳመና መሀል በሰማያዊው ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ነበረች። ከመርፌ ጫፍ አትበልጥም። እያዩዋት ደመቀች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚያዩዋት ሰዎች ዓይናቸውን ማጨንቆር ጀመሩ።

ማንም አልጮኸም። ብዙዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩ፤ ይቃጠል እንደሆነ። አስካለ ጉንጯን ዳሰሰች። የሚያዝያ ከሰዓት ፀሐይ እንጂ ሌላ ሙቀት አልነበረም። ጃንጥላ የያዘች አሮጊት ጃንጥላዋን አጠፈችና ነጥቧን እያየች ቆየች። ሕሊና መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው።

በዚያ ቀን በጨንቻ መንገድ ሁለት መኪኖች ተንሸራተዋል። ሦስት ሰዎች ቆስለዋል፤ አንዱ እግሩን አጥቷል። ከሃያ ስድስቱ በሽተኞች ከሕክምና ቤቱ የተነቃነቀ የለም። ዋሻ የገቡት ሰዎች በሁለተኛው ቀን ወጥተው ወረዱ። ኮከቧ ለሦስት ወር ያህል በቀን ትታይ ነበር።

የምስክሮቹ ጉባኤ በግንቦት ተሰብስቦ የአስካለን ጉዳይ አየ። እውነት መናገሯን አልካደም። ያላየችውን መናገሯን ግን ራሷ አምናለች፤ ማኅተሙ አልተመለሰላትም። ደንቡም አልተለወጠም። በማግስቱ አቶ መርዕድ ቤቷ ድረስ መጥተው፣ ድምፄን ለአንቺ ነበር የሰጠሁት አሏትና ብዙ ሳይቀመጡ ሄዱ።

ካቻ የመጣው በሰኔ መጀመሪያ፣ እሑድ ከሰዓት ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ልጆቹ ስለ ኮከቧ ይጠይቁኛል" አለ። "ለምን ፈነዳች ይሉኛል። እኔ አላውቅም። ነይና ንገሪያቸው።"

አስካለ ካቻ ዘንድ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ቤቱ አዲስ ነው፤ ከወንዙ ርቆ ዳገቱ ላይ የተሠራ። ልጆቹ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ታናሺቱ ዘጠኝ፣ ታላቂቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አስካለ ሁለቱንም ሳመችና ስለ ክብደቱና ስለሚገፋው ነገር ነገረቻቸው። ታናሺቱ ስለ ብረቱ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ታላቂቱ አልጠየቀችም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አክስቷን ብቻ ታያለች። ስታበቃ ግን ተናገረች።

"አክስቴ፣ ሰዎቹ ሳትታይ በፊት ነገ ትታያለች ብለው እንዴት አወቁ?"

ካቻ በሩ ላይ ተደግፎ ነበር። ወደ ውስጥ ለመግባት ዞር አለ፤ ከዚያ ተወውና ደፉ ላይ ተቀመጠ።

"እነግርሻለሁ" አለች አስካለ። "ከዚያ በፊት ግን ስለ እናትሽ ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር አለ። አባትሽ ያውቀዋል። አንቺ ከእኔ አልሰማሽውም።"

ልጅቷ አባቷን አየችው፤ ካቻ ይሁን በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ ብላ ለአክስቷ ቦታ ለቀቀችላት።